በአንደበት የተዋጀ ቤት

ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ደቡብ፥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ማውንት ቬርነን የሚባል ቤት አለ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የኖሩበትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1799 ያረፉበት ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ቤቱ አርጅቶ ሊፈርስ ተቃረበ፤ መንግሥትም አልገዛውም። ስለዚህ በ1853 ወይዘሪት አን ፓሜላ ካኒንግሃም ሴቶችን በማኅበር አሰባስበው ሊገዙት ተነሡ። ዋጋው 200,000 ዶላር ነበረ።

በዚህ ጊዜ ኤድዋርድ ኤቨረት ደረሱላቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው የቦስተን ሰባኪ፥ ኋላም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስለ ዋሽንግተን ጠባይ ያዘጋጁትን ረጅም ንግግር በቃላቸው ይዘው፥ ከ1856 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ብዙ ጊዜ አሰሙ። (በቃል ጥናት ያደገ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል።) ለጋዜጣ ጽፈው ያገኙትን 10,000 ዶላር ጨምረው ወደ 70,000 የሚጠጋ ገንዘብ ለማኅበሩ ሰጡ፤ ለራሳቸው አላስቀሩም።

ይሁን እንጂ ኤቨረት ከገንዘቡ ይልቅ የሚሹት የሰሜንንና የደቡብን ዕርቅ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ አባት ስም እንዲስማሙ ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን በዚያው አባት ርስት፥ በሞታቸው ጊዜ፥ ከ300 በላይ ባሮች ነበሩ። የባርነትን ነገር ሳይፈቱ ዕርቅን መሻት ቁስልን ሳያጥቡ መጠቅለል ይመስለኛል። ማኅበሩ በ1860 ቤቱን ተረከበ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

በጦርነቱም ዘመን የሁለቱም ወገን ወታደሮች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ፥ መሣሪያቸውን ከደጅ ትተው እንዲገቡ ይለመኑ ነበር።