የጭራ አጥንት ሕመምና የግፊት ሞገድ ሕክምና

በአከርካሪያችን የታችኛው ጫፍ ላይ የጭራ አጥንት ወይም ኮክሲክስ ትገኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት በሚደርሱ ትናንሽ አጥንቶች የተሠራች ስትሆን፣ ስያሜዋ ኩኩ የተባለችውን ወፍ ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ቅርጿ የወፏን መንቆር ይመስላልና። ጤነኛ ሳለች መኖሯን እንኳ አናስተውልም። ስትታመም ግን በክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ ከወንበር መነሣትም ጭምር ፈተና ይሆናል። ሕመሙ በመቀመጫ ከመውደቅ፣ ከወሊድ ወይም ጠንካራ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ ከመቀመጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል።

ለዚህ ሕመም ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ «ሾክ ዌቭ» የተባለው የግፊት ሞገድ ነው። ለመሆኑ ይህ ሞገድ ምንድን ነው?

ከሰማይ ወደ ሕክምና ክፍል

በተራ የድምፅ ሞገድ ውስጥ ግፊት በመጠኑ ከፍና ዝቅ እያለ ይጓዛል። በሾክ ዌቭ ግን ግፊቱ እጅግ በአጭር ቅጽበት ውስጥ ድንገት ይንራል። ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታ መሰል ድምፅ የዚሁ ውጤት ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ በዚህ መስክ ያካሄደው ምርምር ለሕክምና በር ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሙኒክ ከተማ ዶክተር ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቀዶ ሕክምና በሞገድ ሰባበሩ።

ሞገዱ ሥጋችንን ሳይጎዳ እንዴት ያልፋል? ለስላሳው የሰውነታችን ክፍል በአብዛኛው ውሃ በመሆኑ ሞገዱ ብዙም ሳይንጸባረቅ ይሻገረዋል። አየር ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ባለሙያው ቆዳ ላይ ጄል የሚቀባውም በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይቀር ነው።

ለጭራ አጥንት የሚሰጠው ሞገድ ከጠጠር ሰባሪው ያነሰ ኃይል አለው፤ ዓላማው መስበር አይደለም። ተመራማሪዎች ሞገዱ የሕመም መልእክት የሚያስተላልፉ ነርቮችን እንደሚያደክምና አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ እንደሚያነሣሣ ይገምታሉ።

ማስረጃው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2015 በታይዋን 41 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ተጠንተዋል። አንዱ ቡድን በእያንዳንዱ ሕክምና 2,000 የሞገድ ምት ሲወስድ፣ ሌላው በሙቀትና በኤሌክትሪክ ታከመ። ሞገዱን የወሰዱት ሕመማቸው ይበልጥ ቀለለላቸው። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ይሁንና የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ መሣሪያው እየተንኳኳ ሞገድ ሳይለቅ የታከመ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ታካሚው «ታከምሁ» ብሎ ማመኑ ብቻ ሕመምን ሊያቀል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ በሌለበት የሞገዱን ድርሻ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ሕመሙም በብዙዎች ላይ በጊዜ ብዛት በራሱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሕክምናው የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ከኋላው ክፍት የሆነ ትራስ፣ አቀማመጥን ማስተካከል፣ የሕመም ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ይቀድማሉ፤ አብዛኞቹ ሕሙማንም በእነዚሁ ይሻላቸዋል። ነፍሰ ጡሮች በዚህ የሰውነት ክፍል ላይ ሞገዱን መውሰድ የለባቸውም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም አስቀድመው ለሐኪም መንገር ይኖርባቸዋል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

ውድ አንባብያን፣ ስለ አዲስ ሕክምና ስንሰማ «ስንት ሰው ዳነ?» ብለን ብቻ አንቁም፤ «ባይታከሙስ ስንቱ ይድን ነበር?» ብለን እንጠይቅ።