የቤተሰብ ሐኪም፦ ከጤና ኬላ እስከ ዱዓ ቤት

ልብ፣ ኩላሊት፣ ዓይን፣ አጥንት፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው የተማረ ስፔሻሊስት አለ። የቤተሰብ ሐኪምም ስፔሻሊስት ነው፤ ግን የእኔ የሚለው የአካል ክፍል የለውም። የእርሱ ድርሻ ቤት ነው፤ ከነአያቱ፣ ከነሕፃኑ፣ ከነጓዳው። ሕፃኑ ሲያስለው፣ እናት ስታረግዝ፣ አያት ደም ግፊት ሲይዛቸው፣ አባወራው እንቅልፍ እንቢ ሲለው የሚያያቸው ያው አንድ ሐኪም ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደሚችል ይልካል፤ በሽተኛው ታክሞ ሲመለስም ተቀብሎ ይከታተላል።

ሙያው በሀገራችን ገና ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምናን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2008 ዓ.ም. ወጡ፤ ሰባት ነበሩ። ሰባት ሐኪም፣ መቶ ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ! ሐሳቡ ግን ከትምህርቱ ይቀድማል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ወረዳ ይልክ ነበር። ሐኪም ቤት ተቀምጦ በሽተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ሕዝቡ ወዳለበት መውረድ የተለመደው ያኔ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

ነገሩን በኩታበር እንየው። ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የደቡብ ወሎ ደጋ ነው። እንደ ሌላው የገጠር ወረዳ ሁሉ እዚህም አገልግሎቱ ሦስት እርከን አለው፦ ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ሕዝብ ላለው ቀበሌ ጤና ኬላ፣ ለሃያ አምስት ሺህ ያህል ሰው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በላይ ሆስፒታል። በጤና ኬላው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ለየቤቱ አንድ አንድ የቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ፤ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ የትኛው ቤት መጸዳጃ እንደሌለው በዚያ ሰፍሯል። አንድ የቤተሰብ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሊሰበስበው የሚመኘው እውቀት እነዚህ ሴቶች እጅ ላይ አለ። በእኔ እምነት ኩታበር የሚላክ የቤተሰብ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራው መመርመር ሳይሆን እነርሱ ዘንድ ቁጭ ብሎ መማር ነው።

ሐኪም የታካሚውን ባህል ስለማክበሩ በዓለም ላይ ብዙ የተነገረው ቅኝ ተገዝተው በገዛ ሀገራቸው ባይተዋር ስለሆኑ ሕዝቦች ነው። ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባለች የኒውዚላንድ ማኦሪ ነርስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አነሣች፦ ሕክምናው ባህሌን አክብሯል ወይስ አዋርዶኛል የሚለውን የሚፈርደው ባለሙያው ሳይሆን ታካሚው ነው አለች። የሀገሯ የነርሶች ምክር ቤትም ሐሳቡን በትምህርቱ ውስጥ አስገባው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ ካናዳ ውስጥ ታይቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጆይስ ኤሻኳን የምትባል የአቲካሜክ ተወላጅ እናት ኩቤክ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝታ ሠራተኞቹ ሲሰድቧት በስልኳ አሳየች፤ በዚያው ሞተች። የሞቷን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ዘረኝነት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳለው በይፋ ጻፈች።

እኛ ዘንድ ሐኪሙ ባዕድ አይደለም። አማርኛው አንድ ነው፤ ምናልባትም አያቱ ከዚያው ደጋ የወረዱ ናቸው። ርቀቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሰባት ልጅ የወለዱ፣ ሽምግልና የሚቀመጡ እናት ካርድ ክፍል ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት «አንቺ፣ ነይ እዚህ» ይላቸዋል። በሀገራቸው ሴቱም ወንዱም አንቱ ሲላቸው ኖሯል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ቀና ሳይል ይጠይቃል፣ «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» ብሎ ይቆጣል። እትዬ ምንም አይመልሱም። በሚቀጥለው ሕመማቸው ግን ጤና ጣቢያውን ያልፉታል።

የእምነቱ ጉዳይ ደግሞ በወሎ የተለየ ክብደት አለው። ከደሴ ወደ ኩታበር ሲኬድ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ዛሬ በዚያው ሜዳ ለረጅም ጊዜ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሲያክም የኖረ ሆስፒታል አለ። አንድ ቤት ውስጥ አጎት ሸኽ፣ አክስት መነኩሴ ሊሆኑ በሚችሉበት ሀገር፣ በሽተኛ ከሐኪም በፊት ጠበል ቢጠመቅ ወይም ዱዓ ቢያስደርግ የሚያስገርም አይደለም። ሐኪሙ «ያንን ተው፣ ይህን ያዝ» ካለው ያንን የአፄ ዮሐንስን ዘመን ትእዛዝ ነው የሚደግምበት።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ በሀገራችን ታይቷል። የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሕሙማን እንጦጦ ጠበል ገብተው ክኒኑን አቋረጡ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ሐኪሞች በዓመታት ልመና ያላገኙትን አንድ የሃይማኖት አባት ቃል አስገኘ። የቤተሰብ ሐኪም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የንስሐ አባቱንና ሸኹን የሥራ ባልደረባ ማድረግን ነው።

ጾምን እንውሰድ። የኦርቶዶክስ ጾሞች ተደምረው ከዓመቱ ከግማሽ የማያንሰውን ይይዛሉ፤ ረመዳን ደግሞ ወር ሙሉ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰውዬ ኢንሱሊናቸውን በጠዋት ወግተው እስከ ማታ ቢጾሙ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። «አይጹሙ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ሰውዬው ግን ለሐኪሙ እሺ ብለው ቤታቸው ይጾማሉ። የሚያውቃቸው ሐኪም ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀድሞ ይጠራቸዋል፣ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሁር ያዛውርላቸዋል፣ ስኳር ሲወርድ የሚታየውን ምልክት ለባለቤታቸው ያስተምራል። መጾም ፈጽሞ የማይችሉ ከሆነም ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ የሰጠውን ፈቃድ በሐኪም አፍ ሳይሆን በሸኹ ወይም በንስሐ አባቱ አፍ ያሰማቸዋል። ጫትም እንዲሁ ነው። ዱዓው በጫትና በቡና በሚደረግበት ሀገር «ትቅማለህ?» የሚለው ጥያቄ ያለ ግልምጫ ካልተጠየቀ፣ ደም ግፊቱ ለምን አልወርድ እንዳለ ሐኪሙ ሳያውቀው ይቀራል።

ሾተላይ ሌላው ነው። ልጆቿ በላይ በላይ የሚሞቱባት እናት ሾተላይ አለባት ይባላል፤ ክታብ ታስራለች፣ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች። ስቆ የሚያልፍ ሐኪም ትልቅ ፍንጭ ያመልጠዋል። የእናትየዋ ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የእናት ሰውነት የሚቀጥሉትን ፅንሶች ደም እንደ ባዕድ ሊያጠቃ ይችላል። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይህን ይከላከላል። ልጆች በተከታታይ የሚሞቱት በዚህ ብቻ አይደለም፤ ቂጥኝም አለ፣ ሌላም አለ። ቢሆንም «ሾተላይ አለብኝ» ብላ የመጣች ሴት የወሊድ ታሪኳን በአንድ ቃል ተናግራለች፤ ለሐኪሙ የሚቀረው ደሟን ማስመርመር ነው።

ወጌሻም እንዲሁ በክፉ ብቻ አይታይም። እርግጥ ስብራትን በቀርከሃ ጠፍሮ አጥብቆ ሲያስር ደም ተቋርጦ እጅ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች መቀነሳቸውን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ትምህርቱ ረቂቅ አልነበረም፤ እሰር፣ ግን ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ፍታና ላክ ነው ቁም ነገሩ።

ወሊድ ላይ ደግሞ ጤና ጣቢያዎቹ ራሳቸው ተምረዋል። ሴቶች ጤና ጣቢያ መውለድን የሚሸሹት የምጥ አልጋ ላይ ለወንድ ባለሙያ ተገልጦ መተኛቱን፣ ዘመድ ውጭ መቅረቱን፣ ወልዶ በባዶ ሆድ መውጣቱን ጠልተው ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ይሠራል። ጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን በ1968 ዓ.ም. ጀምሮት ነበር። ሀገር አቀፍ ሆኖ ለመስፋፋት ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ ያሳዝናል።

ባህልን ማክበር ግን ሁሉን እሺ ማለት አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ሕፃን ያደማል፣ ይመርዛል፤ የሴት ልጅ ግርዛትም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የቤተሰብ ሐኪም እነዚህን አይሆንም ይላል። ልዩነቱ፣ የሚለው ቤቱን የሚያውቅ፣ ባለፈው ክረምት አያትየዋን ያከመ ሰው መሆኑ ነው። እንዲህ ካለ ሰው አፍ የወጣ አይሆንም ይሰማል።

ሐኪሙ ተምሮ ቢወጣ እንኳ ኩታበር መቆየቱ አጠራጣሪ ነው። በየዓመቱ የሚቀያየር ሐኪም የቤተሰብ ሐኪም ሊሆን አይችልም፤ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና የትምህርት ዕድል ካልተመቻቸለት ደግሞ መቀያየሩ አይቀርም። ለቀጣይነት የሚረዳ አንድ ነገር ግን በደቡብ ወሎ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የኩታበር ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። የመድን አባል መጀመሪያ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ታይቶ ወደ ላይ ስለሚላክ ሰውና ሐኪሙ ደጋግመው ይገናኛሉ፤ መተዋወቅ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ለአንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የጠጣችሁትን ዳማከሴ፣ የወሰዳችሁትን ኮሶ፣ የገባችሁበትን ጠበል፣ ያሰባችሁትን ጾም አትደብቁት፤ ከምትውጡት ክኒን ጋር የሚጋጭ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሰምቶ ከተቆጣ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ እናንተ ግን ንገሩት።