ያውቁ ኖሯል? የታደሰ ጃጓር ዋጋ ከቀለሙ ሥር ነው

• የእንግሊዙ የስፖርት መኪና ጃጓር ኢ-ታይፕ እ.ኤ.አ. በማርች 1961 በጄኔቫ ለሕዝብ ቀረበ። ምርቱ እስኪቆም ከ70,000 በላይ ስለተሠራ፣ ዋጋውን የሚወስነው ብርቅነቱ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ መኪና ታሪክና ይዞታ ነው።

• የሻንሲ፣ የሞተርና የካምቢዮ ቁጥሮቹ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲስማሙ ዋጋው ከፍ ይላል። የጃጓር ዳይምለር ቅርስ ተቋም በመዝገቡ ያሉትን ቁጥሮች የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

• የመኪናውን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ራሱ የብረት አካሉ ስለሆነ ዝገት ክፉ ጠላቱ ነው። በተለይ ከበሮቹ ሥር ያሉትን የጎን ብረቶች በጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ይፈትሹ፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ ማግኔት አይያዝም።

• ለእድሳት የወጣ ገንዘብ ሁሉ በሽያጭ አይመለስም። የደረሰኝ ክምር የወጣውን ገንዘብ እንጂ የመኪናውን የገበያ ዋጋ አይመሰክርም።

• ለድርድር ሲቀርቡ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን ገዢዎች በቅርቡ የከፈሉትን ዋጋ ይዘው ይቅረቡ። ጉድለቱን ከነጥገና ግምቱ በጽሑፍ ያሳዩ፤ በማስረጃ የተደገፈ ቅናሽ ሻጩንም አያስቀይምም።