ማዘርቦርድ ከመግዛታችን በፊት ከላይ እንየው

ካለፈው ሴሚስተር ፈተና በኋላ ሦስት ጓደኛሞች ተሰባስበን ለአንዳችን ታናሽ ወንድም ኮምፒውተር ልንገጥምለት ተነሣን። ልጁ ለባግሩት እየተዘጋጀ ነው፤ ቤት ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ለእሱም ለእኅቶቹም አልበቃም። ገንዘቡ የእናቱ ስለሆነ ተቆጥሮ ነው የተሰጠን። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ቢሆንም ጠይቀንና አንብበን ገባንበት።

ለፕሮሰሰሩ ብዙ ተጨነቅን፣ ግራፊክስ ካርዱን ያድ ሽኒያ አገኘን፣ ማዘርቦርዱን ግን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ወሰድነው። ዋይፋይ እንደሌለው አውቀናል። «ትንሿ ማስገቢያ ላይ የዋይፋይ ካርድ እንሰካለን» አልን። ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ወፍራሙ ግራፊክስ ካርድ ትንሿን ማስገቢያ ጭራሽ ሸፍኗት አገኘነው። ራውተሩ ሳሎን፣ የልጁ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ማስገቢያዋ ተጽፋለች፤ ውሸት አይደለም፣ ግን አልጠቀመችንም።

በዕብራይስጥ «ሉአሕ ኤም»፣ የእናት ሰሌዳ ይሉታል። ሌላው ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ስለሆነ ስሙ ልክ ነው። አሁን ማዘርቦርድ ስናይ የምንጀምረው ከዝርዝሩ ሳይሆን ከላይ ከተነሣ ፎቶው ነው። ግራፊክስ ካርዱ የሁለት ወይም የሦስት ማስገቢያ ቦታ ይይዛል፤ ያንን ሸፍነን የቀረውን እንቆጥራለን። ሁለተኛው ረጅም ማስገቢያም አያታልለን። መልኩ እንደ መጀመሪያው ቢሆንም ብዙ ጊዜ የተዘረጋለት መስመር ከ16ቱ 4 ብቻ ነው።

ለኤስኤስዲ የሚሆነው ኤም.2 የት እንዳለም እንይ። የተለመደው 22 በ80 ሚሊ ሜትር ነው። ግራፊክስ ካርዱ ሥር ከተቀመጠ፣ ኤስኤስዲውን ለመቀየር ካርዱን መንቀል ግድ ነው። በአንዳንድ ሰሌዳዎች ደግሞ አንዱ ኤም.2 ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ መሰኪያዎች ሥራ ያቆማሉ። ይህ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ አይጻፍም፤ መመሪያው ውስጥ ግን አለ። መመሪያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ሳንገዛ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ ግማሽ ሰዓት ቢወስድም ያዋጣል።

ሜሞሪ ላይ ጥያቄው ነገ እንጨምር ይሆን ወይ ነው። ሁለት ማስገቢያ ብቻ ካለውና ሁለቱም ከተያዙ፣ ለመጨመር የገዛነውን አውጥተን መተው ይመጣል። አራት ከሆኑ ሁለቱን ሜሞሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው እንሰካለን። ዲዲአር 4 በዲዲአር 5 ቦታ አይገባም፤ ክፍተቱ የተቆረጠበት ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር 5ን ብቻ ነው።

ያድ ሽኒያ ለሚገዛ፦ የሶኬቱን ፎቶ በቅርበት ይጠይቅ። በኢንቴልና በኤኤም5 ሰሌዳዎች ቀጫጭን ፒኖቹ ያሉት ሰሌዳው ላይ ነው፤ አንዷ ከታጠፈች ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ሰሌዳው ፕሮሰሰሩን የሚያውቀው ከየትኛው የባዮስ እትም ጀምሮ እንደሆነም በአምራቹ ዝርዝር ይታያል። ከኋላ ኤችዲኤምአይ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ስሙ በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ በዚያ መሰኪያ ምስል አይወጣም።

መጠኑን ከኬዙ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው፤ ኤቲኤክስ 305 በ244፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢበዛ 244 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። በቀለማት ለሚበራ መብራት ግን አንድ ሸቀልም አንጨምር። ያ ገንዘብ ዋይፋይ ላለው ሰሌዳ ይሁን።

ለልጁ ለጊዜው የኔትወርክ ገመድ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ዘርግተንለታል። እናቱ ወለል ባጠቡ ቁጥር ገመዱን በመጥረጊያው እየገፉ ያማርሩናል፤ እውነታቸውን ነው።