የተማሪዎች አገልግሎትና የአዲሎ ንጽሕና



የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መዝገብና እርሳስ ይዘው ወደ ሰፈራችን በመጡ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን የተጠየቅነውን መልሰን እናሰናብታቸዋለን። ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም እንዴት እንደሚገኝ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንን፣ የነርስና የንጽሕና ጥበቃ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በደንቢያ የምትገኘው ቆላ ድባም አንዷ የልምምድ ስፍራ ነበረች። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ሠርተዋል። በኋላም ጂማ የጤና ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር በማያያዝ ታወቀ። በአካባቢያችንም በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል፤ በዱራሜም ካምፓስ አለው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲሆን፣ ተማሪው በትርፍ ጊዜው የሚሰጠው እርዳታ ነው። ሁለተኛው በአገልግሎት መማር የሚባለው ነው፤ ይኸውም ተማሪው በክፍል የተማረውን በሕዝብ መካከል እየሠራ የሚፈትንበትና መምህሩም የሚመዝነው የትምህርት ክፍል ነው። በሁለተኛው ሕዝቡ ተረጂ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ጭምር ነው። ስለዚህ የአስተማሪነት ዋጋው ሊከፈለው ይገባል።

ይህ ዋጋ ሳይከፈል ሲቀር ያየነውን እንናገር። ቀድሞ በሠራንበት አንድ ከተማ ተማሪዎች መጥተው መጸዳጃ ቤቶችን ቈጠሩ፤ የምንጩን ውኃ መረመሩ፤ ሄዱም። በማግሥቱ ዓመት ሌሎች መጥተው ያንኑ ጠየቁ። አንዲት አሮጊት እናት ወደ እኛ መለስ ብለው «ልጆቼ፣ አምናም ይህንኑ ጠይቃችሁኝ ነበር። መልሴ የት ደረሰ?» አሉን። የምንመልስላቸው አልነበረንም፤ መዝገቡ ከተማሪዎቹ ጋር ሄዷልና። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ ግን የመስክ ሥራችን ውጤት ለመምህሩ ከመቅረቡ አስቀድሞ ለመንደሩ ሰዎች በስብሰባ ይነበብ ነበር።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናም ጉዳይ ነው። ወስፋትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ሰው ከቤቱ ጀርባ በእንሰቱ ጓሮ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከአፈሩ ይቀላቀላል፤ በእርጥብና በጥላ ስፍራም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል። ከዚያ በሕፃን ጣትና በሚገባ ባልታጠበ አትክልት ወደ አፍ ይገባል። ለትል የሚሰጠው መድኃኒት ከሆድ ያለውን ያስወጣል እንጂ አፈሩን አያነጻም። ተማሪው በመንደራችን የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ እንቁላሉ ግን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከተማሪው መሄድ በኋላ የሚቀጥልበት መንገድ ካልተበጀለት ድካሙ ከንቱ ነው።

በዚህ ምክንያት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ/ ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰብስበው ለከተማው ከሁሉ የሚቀድመውን አንድ ሥራ ይምረጡ። የምንጭ አጥር ወይም የትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ ሊሆን ይችላል። ብዙ ተጀምሮ ከሚቀር አንድ ቢፈጸም ይሻላል።

2ኛ/ ጕድጓድ ሲቈፈር ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከምንጩ በታች ያለ ቦታ ይመረጥ። ክዳንና በአጠገቡ ውኃና ሳሙና ይኑረው። ቍፋሮውን ባለቤቱ ከተማሪው ጋር አብሮ ይሥራ፤ ያልደከመበትን ሰው አይጠብቀውምና።

3ኛ/ የተሰበሰበው ቍጥር ግልባጩ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ ተማሪዎቹም ከመሄዳቸው በፊት ውጤቱን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ያንብቡለት። የሰዎች ስምና የግል ሕመም ግን በአደባባይ አይነገር።

4ኛ/ መምህራን ከነባር ተማሪዎቻቸው ጋር በየሦስት ወሩ የተሠራውን ይመልከቱ። የተሰበረውን ይጠግኑ፤ በመዝገቡም ላይ ይጻፉ። የሚቀጥሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመጡ ሥራቸውን ከዚያ መዝገብ ይጀምራሉ።

«ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ» እንደሚባለው፣ የከተማ ንጽሕና ለጥቂት እንግዶች የሚተው ሸክም አይደለም። ተማሪዎቹን በመልካም እንቀበላቸው፤ ሲሄዱም መዝገቡን እናስቀር። ያን ጊዜ እኒያ እናት ያቀረቡልን ጥያቄ በአዲሎ ቢነሣ፣ መምህሩ መዝገቡን ከፍቶ መልሱን ያሳያል።