ለእርጥብ ወለል የሚሆን ጫማ፦ ሳንወድቅ ሠርተን እንድንገባ

እህቶቼ፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ ዕረፍት ቀን ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። ዛሬ ስለ እግራችን እናውራ። ቨርደን የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ሕንፃው ረጅም፣ ቤቱ ሰፊ፣ ወለሉ ከመግቢያው በር እስከ መኝታ ቤት ድረስ እምነበረድ ወይም ሴራሚክ ነው። ጠዋት በረንዳው በውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ሳሎኑ ይወለወላል፣ ከዚያ ኩሽናው፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ። ይህን ሁሉ አብዛኞቻችን የምንሠራው ሊባኖሶች «ሻሃታ» በሚሏት የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። አንዳንዶቻችን በባዶ እግር፣ አንዳንዶቻችን በካልሲ።

ወድቆ መነሳት ያለ ነው ትይ ይሆናል። ግን በእምነበረድ ላይ በወገብ መውደቅና ሜዳ ላይ መውደቅ አንድ አይደለም። የእጅ አንጓ ቢሰበር ሳምንታት በጄሶ ታስሮ ይቆያል። ወገብ ሲጎዳ ደግሞ ባልዲ ማንሳት፣ ፍራሽ መገልበጥ፣ ልጅ ማዘል የለም። ሥራው ሲቆም ደሞዙ ይቆማል፤ አገር ቤት የእናት መድኃኒት፣ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የጫማ ነገር የጤናም የእንጀራም ጉዳይ ነው።

ወለሉ ለምን ያዳልጣል?

ደረቅ ሴራሚክ ብዙም አያስቸግርም። ውሃና ሳሙና ሲፈስበት ግን በጫማሽ ሶልና በወለሉ መካከል ስስ የውሃ ሽፋን ይገባል፤ እግርሽ ወለሉን ሳይሆን ውሃውን ነው የሚረግጠው። የመኪና ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ በዝናብ መንገድ ላይ እንደሚንሸራተተው ማለት ነው። የሶሉ ጥርሶች ሥራ ውሃውን በመካከላቸው አሳልፈው ጎማው ወለሉን እንዲነካ ማድረግ ነው። ጥርሱ ያለቀ ሻሃታ ይህን አይችልም።

በበረዶ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ የሰሜን አገር ሰዎች ጫማቸው ላይ የብረት ሹል ያስራሉ፤ ሹሉ በረዶውን ወግቶ ይይዛል። ሴራሚክ ግን አይወጋም፤ ብረት እላዩ ላይ ይንሸራተታል። በረባሶም ቢሆን ለኮረትና ለጭቃ ነው የተሠራው። ለያንዳንዱ ወለል የራሱ ጫማ አለው፤ የኛ ወለል የሚፈልገው ለስላሳ ጎማና ጥርስ ያለው ሶል ነው።

ጫማ ስትመርጪ

አንደኛ፣ ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍርሽ ተጫኚው። ትንሽ ገባ ብሎ የሚመለስ ጎማ ይይዛል። እንደ ድንጋይ የደረቀና የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ከሆነ ተይው፣ ምንም ቢያምር።

ሁለተኛ፣ ጫማውን ገልብጠሽ ጥርሱን እዪ። ብዙ ትንንሽ ጥርሶች፣ በመካከላቸው ደግሞ እስከ ሶሉ ጠርዝ የሚደርስ የውሃ መውጫ መስመር ሊኖር ይገባል። መስመሩ መሀል ላይ ተዘግቶ ከቀረ ውሃው መሄጃ የለውም። ተረከዙንም እዪ፤ ስንራመድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ዙሪያው ጥርስ ኖሮት ተረከዙ ልሙጥ የሆነ ጫማ አይረባም።

ሦስተኛ፣ ከኋላ የተዘጋ ወይም ማሰሪያ ያለው ይሁን። ነጠላ ጫማ እርጥብ ሲሆን እግር በውስጡ ይንሸራተታል፤ ሶሉ ቢይዝ እንኳ አንቺ ከጫማው ትወጫለሽ። ደረጃ ላይ ደግሞ ይጠልፋል።

አራተኛ፣ ልክሽ ይሁን። እግር ማታ ያብጣል፤ ስለዚህ ማታ ለኪው።

አምስተኛ፣ የሥራ ጫማ የሚሸጥበት ቤት ከገባሽ ምላሱ ላይ ወይም ሳጥኑ ላይ ያለውን ምልክት ፈልጊ። የሥራ ጫማ መለኪያ ቁጥሩ አይ-ኤስ-ኦ 20347 ነው። ከቁጥሩ አጠገብ በላቲን ፊደል «ኤስ-አር-ኤ» ካለ ሳሙና ባለበት ሴራሚክ ላይ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ልክ የኛው ወለል። «ኤስ-አር-ቢ» ግሊሰሪን በተቀባ ብረት ላይ የተፈተነ ነው። «ኤስ-አር-ሲ» ሁለቱንም ያለፈ ነው። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2022 ከተሻሻለ ወዲህ የሳሙናው ፈተና መሠረታዊ ሆኗል፤ ግሊሰሪን በተቀባ ሴራሚክ ላይ የሚደረገውን ተጨማሪ ፈተና ያለፈው ደግሞ «ኤስ-አር» ተብሎ ይጻፍበታል። የሆስፒታልና የሬስቶራንት ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ቀለል ያለ ጫማ ነው፤ ብረት አፍ ያለው የግንበኛ ቦት አያስፈልግሽም።

ምልክት የሌለው ጫማ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቤት ገብተሽ ፈትኚው፤ አንድ እጅሽ የበሩን ፍሬም ወይም የመታጠቢያውን ጠርዝ አጥብቆ ይያዝ፣ በሌላው ወለሉን በሳሙና ውሃ አርጥቢና እግርሽን ቀስ ብለሽ ወደፊት ግፊው። ከተንሸራተተ ለእርጥብ ሥራ አይሆንም።

መውጣት የማይፈቀድልሽ ከሆነ

እሑድ እሑድ የምትወጡ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ሱቆች ውስጥ እየለካችሁ ትመርጣላችሁ። ብዙ እህቶች ግን ከቤት አይወጡም። እነሱ እግራቸውን ወረቀት ላይ አቁመው በእስክሪብቶ ዙሪያውን ይሣሉ፤ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሳንቲ ሜትር ለክተው ይጻፉ። ወረቀቱን ለማዳም መስጠት ወይም ፎቶውን ለምታምኗት ጓደኛ በዋትስአፕ መላክ ይቻላል።

ለማዳም በዐረብኛ «ቢዲ ሻሃታ ማ ቢትዛሄት» በያት፤ የማያዳልጥ ጫማ እፈልጋለሁ ማለት ነው። «ጫማ ቤቴን ያቆሽሻል» ካለችሽ፣ ከቤት ውጭ የማይደረግ፣ ሶሉ ነጣ ያለና ወለል ላይ ጥቁር መስመር የማይተው ጫማ መሆኑን ንገሪያት። አንድ ጫማ ከሆስፒታል ክፍያ እንደሚረክስም ማስረዳት አይከፋም።

ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቷል። ሆኖም በ2009 የመጣው ወጥ የሥራ ውል ምግብ፣ ልብስ፣ ማደሪያ፣ ሕክምናና ኢንሹራንስ በአሠሪው ላይ ያስቀምጣል። የሥራ ጫማ ከልብስ ካልተቆጠረ ምን ሊባል ነው? የዓለም ሥራ ድርጅት የ2011 ስምምነት ቁጥር 189ም በአንቀጽ 13 የቤት ሠራተኛ ደኅንነቱና ጤንነቱ በተጠበቀ ቦታ የመሥራት መብት እንዳላት ይናገራል። ሊባኖስ ስምምነቱን አላጸደቀችም፤ ግን መብቱ ምን እንደሆነ ማወቅ አንገት ቀና አድርጎ ለመጠየቅ ይረዳል።

ጫማ ብቻውን አይበቃም

ሳሙና ሲበዛ ቤቱ አይጸዳም፤ ወለሉ ነው የሚያልበው። ትንሽ ሳሙና አድርጊ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቢው፣ በጎማ መጥረጊያ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ጎትቺው። ክፍሉን ግማሽ ግማሽ አድርገሽ፣ ከውስጥ ወደ በሩ ወደ ደረቁ እየወጣሽ እጠቢ። እርጥብ ላይ ስትሄጂ እርምጃሽ አጭር ይሁን፣ እግርሽ በሙሉ ይረፍ። ደረጃ ላይ ውሃ አታፍሺ፤ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ፣ አንድ እጅሽ መደገፊያው ላይ ሆኖ ሥሪ። ባልዲ በሁለት እጅ ይዘሽ አትውረጂ፤ ግማሽ ሞልተሽ ሁለት ጊዜ ተመላለሺ። ስልክ ተጠራ፣ በር ተደወለ ብለሽም አትሩጪ።

ክሎርን ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ሥራ ስትጨርሺ የጫማውን ሶል በብሩሽ እጠቢው፤ ጥርሱ መሀል ቅባትና ሳሙና ከተጠቀጠቀ አዲስ ጫማም እንደ አሮጌ ያንሸራትታል። አየር ባለበት አድርቂው። እርጥብ ጫማ ቀኑን ሙሉ ማድረግ በጣቶች መሀል ፈንገስ ያመጣል፤ እግርሽን አድርቂ፣ ካልሲ ቀይሪ።

ቤተሰቡ ክረምት ላይ ወደ ፋራያ ወይም ወደ ክፋርደቢያን ይዞሽ ከወጣ፣ የቤት ጫማሽ ለበረዶ አይሆንም። እዚያ ጥልቅ ጥርስ ያለውና ውሃ የማያስገባ ቦት ጠይቂ። ሌሊት የቀዘቀዘ ውሃ ጠዋት ደረጃው ላይ መስተዋት ይሆናል፤ እንደ ዳክዬ በአጭር እርምጃ ሂጂ፣ እጅሽን ከኪስሽ አውጪ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጥሩ ጫማ ኖረሽ ማለት መስኮት ላይ ወይም የበረንዳ መደገፊያ ላይ መውጣት ትችያለሽ ማለት አይደለም። ለዚያ የሚሆን ጫማ የለም። የመስኮቱን ውጪ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ከውስጥ ቆመሽ ሥሪ፤ ካልተደረሰ ይቅር። ሆንግ ኮንግ ከ2017 ጀምሮ በሠራተኞች ውል ላይ ይህንኑ አስገብታለች፦ መስኮቱ የተቆለፈ ፍርግርግ ከሌለው በስተቀር የውጪውን ማጽዳት አይፈቀድም፤ ፍርግርግ ቢኖርም ከእጅ በቀር ሌላ የሰውነት ክፍል ወደ ውጭ አይወጣም። አገር በውል የከለከለውን ነገር አንቺም «ኤል ሸባክ ላ» ብለሽ ብትከለክዪ ነውር የለውም።

ከወደቅሽ

ቶሎ ብድግ አትበዪ። ጣቶችሽን፣ እግርሽን፣ አንገትሽን በቀስታ ሞክሪ። እግርሽ ከደነዘዘ፣ መንቀሳቀስ ካቃተሽ፣ ወይም አንገትሽንና አከርካሪሽን አጥብቆ ካመመሽ ተኝተሽ ቆዪ፤ ወደ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140 ይደወል። ራስሽን ከመታሽና በቀጣዩ አንድ ሁለት ቀን ማስመለስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ከመጣ ሐኪም ቤት ሂጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽና ደም ካየሽ ወይም ሆድሽን ከቆረጠሽ አንድም ሰዓት አትጠብቂ። ያበጠና የተጣመመ አንጓ ቅባት በመቀባት አይድንም፤ ራጅ ያስፈልገዋል። «ነገ ይሻለዋል» የተባለ ስብራት ተጣሞ ሊገጥም ይችላል።

ከዚያ ማስረጃ ያዢ፦ የወደቅሽበት ቀንና ሰዓት፣ የወለሉ ፎቶ፣ የእብጠቱ ፎቶ፣ ለማን እንደተናገርሽ። የኢንሹራንስ ካርድሽን ዛሬውኑ፣ ደህና ሆነሽ ሳለ፣ ፎቶ አንስተሽ ለጓደኛሽ ላኪ። አሠሪው አላሳክምም ካለ፣ ሊባኖስ ውስጥ በኛው እህቶች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት»፣ እንዲሁም ካሪታስ ሊባኖስና ካፋ የስደተኛ ሠራተኞችን ጉዳይ ያያሉ፤ መልእክት ላኪላቸው።

አሁን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ጫማሽን አውልቀሽ ገልብጪው። ጥርሱ አልቋል? ተረከዙ ልሙጥ ሆኗል? እንግዲያውስ እግርሽን ወረቀት ላይ አቁሚና ለኪ። ነገ ጠዋት በረንዳው ከመታጠቡ በፊት ጥያቄውን አቅርቢ።