በጉሮሮ ውስጥ ስለሚታይ ነጭ ነጠብጣብ

በጉሮሮ ግራና ቀኝ ባሉት ዕጢዎች ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ የደዌ ምልክት እንጂ ራሱ ደዌ አይደለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚለየው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው።

አንደኛው ምክንያት ቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ ሳልና ንፍጥ ይከተሉታል፤ በዕረፍትና ውኃ አዘውትሮ በመጠጣት ይድናል እንጂ ፔኒሲሊን አይፈውሰውም። ሁለተኛው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሳል ትኩሳትን፥ ሲውጡ ሕመምንና የአንገት ዕጢ እብጠትን ያመጣል። ሐኪሙ ከጉሮሮ በጥጥ ጠርጎ በመመርመር ይለየዋል።

ሁለተኛው ችላ ቢባል፥ ይልቁንም በልጆች ላይ፥ ከሳምንታት በኋላ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለ10 ቀን የታዘዘ ፔኒሲሊን ሕመሙ በ3ኛው ቀን ቢተውም እንኳ ሊቋረጥ አይገባም። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሣል፤ ምክንያቱን ግን አያጠፋም። በኢትዮጵያ እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ደም ያፈሳል፥ ቁስሉም ያመረቅዛል፥ ደዌውንም አይነቅልም። ምራቁን መዋጥ ወይም መተንፈስ የተሳነው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ይገባል።